የሰባት ቁጥር አልጋ

ሰው ክፉ ሠርቶ ይጸጸታል። እኔ በዕድሜዬ አንጀቴ እስኪቆረጥ የተጸጸትኩት ደግ ሠርቼ ነው። አትሳቁ! እስቲ መጀመሪያ ስሙኝ፤ ከዚያ መፍረዱ የናንተ ፋንታ ነው።

ዘሐራ እባላለሁ። ነገሩ የደረሰው ደሴ ላይ፣ በጣሊያን ጊዜ ነው። ያኔ ሃያ አንድ ወይም ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ባሌ ለጦርነቱ እንደ ዘመተ ቀረ፤ ልጅም አልነበረን። ኩታበር ከናት ካባቴ ቤት ተመልሼ ገብቼ ጎረቤቱ ሁሉ ባየኝ ቁጥር ከንፈሩን ሲመጥልኝ ሰለቸኝና፣ ሰኞ ገበያ በርበሬ ወደምትነግደው አክስቴ ሐዋ ዘንድ መጣሁ። አክስቴ ሐዋ ከንፈር የምትመጥ ሴት አይደለችም። ሦስት ቀን አብልታ አስተኛችኝና በአራተኛው ቀን፣ «በይ፣ ለቅሶው በቃ። እጅሽ ጤነኛ ነው» ብላ ከአንድ ሐኪም ቤት ልብስ አጠባ አስቀጠረችኝ።

ሐኪም ቤቱን የሚያስተዳድሩት ጣሊያኖች ነበሩ። ለራሳቸው ሰው መጋረጃ ያለው ንጹሕ ክፍል ነበራቸው። ለእኛ ላገሬው ሰዎች ደግሞ ለወንዶች አንድ ረጅም አዳራሽ፣ ለሴቶች አንዲት ጠባብ ክፍል። በወንዶቹ አዳራሽ አሥራ ሁለት አልጋ በሁለት ረድፍ ተደርድሯል፤ ከየአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ በጥቁር ቀለም ቁጥር ተጽፏል። መድኃኒቱም፣ መርፌውም፣ ምግቡም የሚታደለው በቁጥር ነው። «ለሦስት ቁጥር ሾርባ!» «ለዘጠኝ ቁጥር መርፌ!» ስም የሚጠራ አልነበረም። እኛም ለምደነው ነበር፤ ቁጥር ይቀላል፣ አይረሳም።

አዳራሹን የሚመሩት አንዲት ጣሊያናዊት መነኩሲት ነበሩ። እማሆይ ነበር የምንላቸው። ኤርትራ ብዙ ዘመን ስለኖሩ አማርኛን ከትግርኛ እየቀላቀሉ ይናገራሉ፤ ሲቆጡ ደግሞ የራሳቸውን ቋንቋ ያመጡታል። አንድ ቀን አጥቤ የጠቀለልኩትን ፋሻ አንስተው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና፣ «እንዲህ መጠቅለል ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«መቀነት የማይጠቀልል ማን አለ እማሆይ?» አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ከልብስ አጠባው አውጥተው ወደ አዳራሹ አስገቡኝ። ቁስል ማጠብ፣ ፋሻ መቀየር፣ ትኩሳት መለካት አስተማሩኝ። ሰፈሩ «ባል የሞተባት ልጅ የወንድ እግር ታጥባለች» እያለ አፉን ሲያላቅቅ አክስቴ፣ «ቁስል ወንድና ሴት አለው እንዴ? ስትታመሙ እናያችኋለን!» ብላ ዝም አሰኘችልኝ። ጣሊያንን በተመለከተ፣ ባሌን የበላ ጠላት ነው፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። አልጋው ላይ የተኛው ግን ያገሬ ሰው ነው፤ እኔ የማጥበው የሱን ቁስል ነው ብዬ ልቤን አሳመንኩት።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ።

ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ ደምሴ የሚባል ጎረምሳ ተኝቶ ነበር። በኮምቦልቻው መንገድ ሥራ ላይ ቋጥኝ ተንዶ ቀኝ እግሩን ጨፈለቀው። የሠራተኞቹ ሠፈር ውስጥ በጨርቅ ጠምጥመውት ሰንብቶ ነው ያመጡት። ሲደርስ የእግሩ ጣቶች ጠቁረው፣ ቀዝቅዘው፣ ሽታው በር ላይ ይቀበላችሁ ነበር። የዚያው ቤት ሐኪም ከጉልበቱ በታች ካልተቆረጠ አይተርፍም አለ። ደምሴ ሁለት ቀን አለቀሰና በሦስተኛው ቀን፣ «እሺ ይቁረጡት። ከነእግሬ ከምቀበር ያለ እግሬ ልኑር» አለ። ችግሩ፣ ቆራጩ ሐኪም በየሁለት ሳምንቱ በመኪና ከሌላ አገር እየመጣ፣ ጠዋት ሠርቶ ከቀትር በኋላ የሚመለስ ነበር። የሚመጣው ረቡዕ ነው ተባለ። ደምሴ ረቡዕን ከደረሰ ይድናል፤ ካመለጠው ግን የሚቀጥለው ሁለት ሳምንት በሕይወት አያገኘውም። ይህን አዳራሹ በሙሉ ያውቅ ነበር።

አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ ደግሞ ሼህ ሰይድ ነበሩ፤ ያገሬ የኩታበር ሰው፣ ገበሬ፣ ቁርኣን የሚያስቀሩ። የሳቸውም ቀኝ እግር ነው፤ ቅልጥማቸው ላይ ክፉ ቁስል ወጥቶባቸው ነበር። በየቀኑ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ዳር ዳሩን ቀይ ሥጋ ማብቀል ጀምሯል፤ እየዳኑ ነበር። የሼሁ ጭንቀት ሌላ ነው። አሥራ ሁለት ቁጥር ጥግ ላይ፣ ጨለማው ውስጥ ነው፤ ፀሐይ አይታይም። እሳቸው ደግሞ ሰላት እንዳያልፋቸው ይጨነቃሉ።

«ዘሐራ ልጄ፣ ፀሐይ የት ደረሰች?»

ወጥቼ አይቼ እመለሳለሁ። «ገና ነው ሼኪ።»

ጥቂት ቆይተው፣ «አሁንስ ልጄ?»

ፋሻ በእጄ እንደያዝኩ በቀን ስንት ጊዜ ግቢ ደርሼ እንደምመለስ አላህ ይወቀው!

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ደምሴ ይህን ሲሰማ ውሎ፣ በትኩሳት በደረቀ አንደበቱ ተጣራ።

«አባባ፣ እዚህ የኔ አልጋ ላይ ይምጡ። መስኮቱ ሥር ነው፤ ፀሐይዋን ተኝተው ያይዋታል።»

«ኧረ በአላህ! አንተ ከኔ የባስክ በሽተኛ፣ እንዴት አድርጌ ነው የማስነሳህ?»

«በማርያም ይምጡ! እኔም መስኮቱ ብርድ ለቀቀብኝ። ሽማግሌ ጥግ ተወትፎ እኔ ብርሃን ላይ ብንጋለል ሰው ምን ይለኛል?»

«የትኛው ሰው?»

«ሰው ነዋ! ሁሉም!»

«አይሆንም ልጄ፣ አይሆንም።»

ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ግብዣ አንዴ ከተጀመረ ቶሎ አያልቅም። አንዱ በአላህ ሲል ሌላው በማርያም ሲል አዳራሹ በሙሉ ገባበት። «ሼኪ፣ እሺ ይበሉ እንጂ፣ ልጁን ምነው ቢያስደስቱት!» አሉ ከየአልጋው። በመጨረሻ ሼሁ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «እሺ፣ አላህ ያድንህ» አሉ። ማን ያዛውራቸው? እኔው ነኛ! አንድ ሊጠይቅ የመጣ ሰውዬ አጋዘኝና ፍራሹን ከነብርድ ልብሱ አቀያየርነው። ሼሁን መስኮቱ ሥር፣ ደምሴን ጥጉ ጋ አስተኛኋቸው። ሼሁ ተቀምጠው፣ ፀሐይዋን እያዩ፣ የአስርን ሰላት በሰዓቱ ሰገዱ። ለደምሴ ዱዓ አደረጉ፣ ለኔም አደረጉ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቁጥሩ ግን እግር የለውም፤ ግድግዳው ላይ ቀረ። እኔም ለማንም ሳልናገር ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እማሆይ በዚያው ዕለት ቀትር ላይ፣ አልጋው ሳይቀያየር በፊት፣ ለቆራጩ ሐኪም የሚሰጠውን ወረቀት ጽፈው ጨርሰው ነበር። «ሰባት ቁጥር፣ ቀኝ እግር፣ ከጉልበት በታች» ይላል።

ረቡዕ ጠዋት ሐኪም ቤቱ ተተረማመሰ። መኪናዋ የኮምቦልቻን አቀበት ዘግይታ ነው የወጣችው። ቆራጩ ሐኪም ማደንዘዣ የሚሰጥ ረዳቱን ይዞ ወርዶ፣ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ እጁን መታጠብ ጀመረ። አራት ሰው ይጠብቀዋል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ መመለስ አለበት። እማሆይ ከሱ ጋር ገቡ። እኔን ጓሮ ሄጄ ጨርቅ እንድቀቅል አዘዙኝ።

በርሜሉን በእንጨት እያማሰልኩ ሳለሁ በሽተኛ ተሸካሚው ሙሄና ጓደኛው ቃሬዛ ተሸክመው በመተላለፊያው ሲያልፉ አየሁ። ሙሄ የአምስት ልጆች አባት ነው፤ እንደ በሬ ጠንካራ፣ እንደ በግ ዝምተኛ። ከቃሬዛው ላይ ነጭ ጺም ታየኝ። ሼሁ ናቸው። ቁስላቸውን ሊያዩላቸው ይሆናል አልኩና ወደ በርሜሌ ተመለስኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ሙሄ ባዶ ቃሬዛውን ይዞ ሲመለስ ግን አንድ ነገር ልቤን ነካ አደረገኝ።

«ሙሄ፣ ሼኪን የት አድርሰሃቸው ነው?»

«የትኛውን ሼኪ? እኔ ሰባት ቁጥርን አምጣ ተባልኩ፣ ሰባት ቁጥርን አደረስኩ።»

እንጨቱን የት እንደጣልኩት እስከ ዛሬ አላስታውስም። «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» እያልኩ ሮጥኩ። እኛ ያገሬው ተወላጆች የቀዶ ጥገናውን ክፍል በር እንድናልፍ አይፈቀድልንም ነበር። አንዲት የወጥ ቤት ሴት ወለል ላይ የወደቀ ዕቃ ልታነሳ ገብታ በዚያው ቀን ተባራለች። ይህን ሁሉ እያወቅኩ በሩን በትከሻዬ ገፋሁት።

ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀው። ሼሁ ተጋድመዋል፤ ፊታቸው በማደንዘዣው ጨርቅ ተሸፍኗል፣ ገላቸው በአንሶላ። የሚታየው ቀኝ እግራቸው ብቻ ነው፤ ፋሻው ተፈትቷል፣ መድኃኒት ተቀብቶ ቢጫ ሆኗል። እማሆይ ጀርባቸውን ሰጥተው ከጠረጴዛው ላይ መሣሪያ ያቀብላሉ። ሐኪሙ የሆነ የሚያብረቀርቅ ነገር ተቀብሎ እጁ ላይ ይዟል።

«እማሆይ! እኒህ ሰው ሰባት አይደሉም!»

እማሆይ ዞረው ጮኹብኝ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ እንጃ። ረዳቱ ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ጎተተኝ።

«አይደሉም! ሼህ ሰይድ ናቸው! አሥራ ሁለት ናቸው!»

ሐኪሙ ወረቀቱን በአገጩ አመለከተና አንድ ነገር ተናገረ። እማሆይ፣ «ሰባት፣ ቀኝ እግር፣ ቁስል ያለበት፤ ሁሉም ልክ ነው ይላል» አሉኝ። እውነትም ሁሉም ልክ ነበር። ምን ልበል? በምን ላስረዳ? ድንገት እጄ ትዝ አለኝ። የሁለቱንም እግር በየቀኑ ያጠበ እጅ ነው።

«ጣታቸውን ይንኩ! እማሆይ፣ በእመቤታችሁ፣ ጣታቸውን ይንኩ! የደምሴ ጣቶች በረዶ ናቸው፣ ጠቁረዋል። የሼኪ ይሞቃሉ!»

እማሆይ ሄደው የሼሁን አውራ ጣት ያዙ። እጃቸው እዚያው ቀረ። ከዚያ ቀስ ብለው የማደንዘዣውን ጨርቅ ገለጥ አደረጉ፤ ነጩ ጺም ብቅ አለ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ የአውራ ጣቱን ጥፍር በራሱ ጣት ጫን አደረገ፤ ነጣ። ለቀቀው፤ ደም ተመልሶ ቀላ። መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔ እዚያው ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ማንም ውጪ አላለኝም።

ደምሴን ከጥጉ አልጋ ላይ በትኩሳት ራሱን ስቶ አገኙት። ሙሄ ተሸክሞ አመጣው። ሐኪሙ ቀትር ካለፈ በኋላ ጨረሰ፤ ልጁም ተረፈ። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለት ሰው በአንድ ቀን ልንገድል ነበር፤ አንዱን እግሩን ቆርጠን፣ አንዱን ሳንቆርጥ።

ሼሁ ወደ ማታ አካባቢ ነቁ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ወደ ታች ሰደዱ።

«አለች?»

«አለች ሼኪ።»

«ሁለቷም?»

«ሁለቷም። ምነው ዝም አሏቸው ሼኪ? ምነው እኔ አይደለሁም አላሏቸውም?»

«ተጋደም አሉኝ፣ ተጋደምኩ። ሐኪም ያውቃል አልኩ።» ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ግድግዳው አዩ። «ደግሞስ ልጄ፣ እኔ ሰባት መሆኔን መቼ ነገራችሁኝ?»

ይህ ነገር እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በዚያው ቀን የሐኪም ቤቱ አለቃ ጥፋተኛ ፈለገ። እማሆይን አስጠራ፤ እማሆይ ሙሄን አስጠሩ። ሙሄ ሁለት እጁን አጣምሮ ቆመ። «ሰባትን አምጣ አሉኝ፣ ሰባትን አመጣሁ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» አለ። ከነገ ጀምሮ ተሰናብተሃል ተባለ። እማሆይ ወደ አዳራሹ መጥተው ሼሁን፣ «ማነው ከአልጋዎ ያነሳዎት?» ብለው ጠየቋቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ሼሁ አንዴ አዩኝ።

«ማንም አላነሳኝም፤ በገዛ እግሬ ነው የሄድኩት» አሉ።

የዋሹት ለኔ ብለው ነው። እኔስ? እኔ ፋሻ ጠቀለልኩ! ሙሄ ራሱን እየነቀነቀ ሲወጣ እያየሁ ዝም ብዬ ፋሻ ጠቀለልኩ።

ቤት ገብቼ ለአክስቴ ለሐዋ ነገርኳት። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለችኝ። «ሰውየውን አተረፍሽ አይደል? በቃሽ። እንጀራሽን በእጅሽ አትድፊ።» እራት በላን። እጃችንን ስንታጠብ ግን አክስቴ ጀበናው ላይ ዓይኗን ተክላ፣ «የሙሄ ሚስት በቅርቡ አልነበር የወለደችው?» አለች። ምነው ዝንቧ ላይ ብታበቃ ኖሮ! እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ ሳይዞር አደረ።

ሐሙስ ጠዋት ሙሄ የሐኪም ቤቱን ካፖርት አጥቦ፣ አጣጥፎ፣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሊመልስ ነው የመጣው። «ደህና አደርሽ ዘሐራ» አለኝ፤ እንደ ወትሮው። ያ «ደህና አደርሽ» ከስድብ ይብሳል። በቀጥታ እማሆይ ቢሮ ገባሁ።

«አልጋውን ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። ፍራሹንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሙሄ ምንም አያውቅም።»

እማሆይ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስለፈራሁ።»

ይጮኻሉ ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅሁ። አልጮኹም። ወደ መስኮቱ ዞሩና፣ «እኔም ፈርቼ ነው» አሉ። «አለቃው ማን ነው ሲለኝ፣ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ወረቀቱን የጻፍኩ እኔ፣ ስም ያልጻፍኩ እኔ፣ ገብቼ ፊቱን ያላየሁ እኔ። ሙሄን ሰጠሁት፤ ሙሄ ዝምተኛ ስለሆነ።»

ፈረንጅ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። እሳቸውም ቀጠሉና፣ «ከእንግዲህ በሽተኛ ከአልጋው እንዳይነሳ ብለን እንከልክል?» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንደበቴ ተፈታ። «እማሆይ፣ የወሎን ሰው ለሽማግሌ አትነሳ ማለት አይቻልም። እርስዎ ቢከለክሉ፣ ዞር ሲሉ ይነሳል። ነገም ሽማግሌ ይመጣል፣ ነገም ጎረምሳው ይለቃል፣ እኔም ፍራሽ አነሳለሁ፤ እንዲህ ነን! ቁጥሩን ከግድግዳው አውርደን ከሰውየው ላይ እንሰረው። አልጋው የፈለገበት ይሂድ።»

«ቁጥር ብቻ?»

«ስምም። ራሱ የነገረን ስም።»

እማሆይ ተነስተው ወጡ። በመስኮት አየኋቸው፤ መጀመሪያ ወደ በሩ ሄደው ካፖርቱን ከሙሄ እጅ ተቀበሉና ትከሻው ላይ መልሰው አለበሱት። ከዚያ ወደ አለቃው ክፍል ገቡ። እዚያ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ሲወጡ ግን ጉንጫቸው እሳት መስሏል። እኔን፣ «ቅጣትሽ ይኼ ነው» አሉኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የሁሉንም ስም አንቺ ትጠይቂያለሽ። አንድም ሰው አይቀርም።»

አሮጌ አንሶላ ቀደን ጠባብ ጠባብ ጨርቅ አደረግነው። እማሆይ በሳቸው ፊደል ይጽፋሉ፤ ሼህ ሰይድ ሥራ ፈት መሆን ሰልችቷቸው ነበርና በዐረብ ፊደል ከሥሩ ይጽፉበታል። ከበሽተኛው የእጅ አንጓ ላይ እናስረዋለን። መጀመሪያ ስንቱ አስቸገረን! አንዱ ክታብ መስሎት «ለምን ሕመም ነው የሚሆነው?» ይላል። ሌላው «ማተብ አለኝ፣ ሁለተኛ ክር አላስርም» ብሎ እጁን ይሸሽጋል። ደግሞም ትልቅ ሰውን «ስምህ ማን ነው?» ማለት በኛ ዘንድ ነውር ነው። እኔም፣ «አባቴ፣ ማን ልበል?» እያልኩ በለሆሳስ ጀመርኩ። ይህን ሲሉት ሽማግሌው ደስ ብሎት ስሙን ከነአያቱ ይነግራችኋል፤ አንዳንዱማ አገሩንና የበሬዎቹን ስም ይጨምራል።

ከሁሉ የጠናው ሙሄ ነው። በሽተኛው በገዛ አፉ ስሙን ካልተናገረ፣ መናገር ካልቻለም ዘመዱ ካልመሰከረለት፣ ቃሬዛውን ንቅንቅ አያደርግም። አንድ ቀን አለቃው ራሱ ቸኩሎ «አንሳ!» ቢለው፣ «ስም» አለው። በቃ፣ «ስም»። አለቃው ተቆጣ፣ ሙሄ ቆመ። በመጨረሻ አለቃው ጎንበስ ብሎ ጨርቁን አነበበ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ስጠይቅ፣ የሌላ ሰው መድኃኒት እጁ ላይ የገባ ሽማግሌ አገኘሁ። ያን ቀን ተቀምጬ አሰብኩ። ይህ ነገር ስንት ጊዜ ሳናውቅ አልፎ ይሆን? ስንቱን «አጀሉ ደርሶ ነው» ብለን ቀብረነው ይሆን? ሼህ ሰይድን ያተረፋቸው የኔ ጉብዝና እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጺማቸውን ባላይ ኖሮስ? ሙሄ በሌላ መንገድ ቢመለስ ኖሮስ?

ልጆቼ፣ ይህን የምታነቡ፣ በተለይም ነጭ ካፖርት ለብሳችሁ በሽተኛ የምትጠብቁ፦ እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አስታማሚ ሆኜ ኖርኩ። ጣሊያንም ሄደ፣ ስማችንም ነርስ ተባለ፤ ብዙ ልጆች አሠልጥኛለሁ። ሁሉንም ያስተማርኳቸው ከመርፌ አወጋግ በፊት ይህንን ነው። ጥፋት ሲደርስ «ማነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ማነው ካላችሁ ሙሄን ነው የምታገኙት፤ ምንጊዜም አንድ ዝምተኛ ሙሄ አይጠፋም። «እንዴት ሆነ?» በሉ። ያኔ የፈራውም ይናገራል። ደግሞ ሰውን ያልሆነውን ሁን የሚል ደንብ አታውጡ፤ አይጠበቅም። ደግነቱን ሳትነኩበት እንዳይጎዳበት አድርጉለት። በበኩሌ በዚያ አዳራሽ ከዚያ ወዲያ ስንትና ስንት ፍራሽ አንስቻለሁ፤ ደስ እያለኝ ነው ያነሳሁት። እማሆይ የፈረዱብኝን ቅጣት ደግሞ ጡረታ እስክወጣ አንድም ቀን ሳላጓድል ፈጽሜዋለሁ፤ እንደዚያ የጣመኝ ሥራ የለም።

ደምሴ በምርኩዝ መሄድ ሲለምድ ልብስ ስፌት ተማረና ሰኞ ገበያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሰፋ ጀመር። ሲያየኝ ሁልጊዜ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ዝም ብትይ እኮ እግሬ አትቆረጥም ነበር!» እያለ ያበሽቀኛል። «አንተም አትኖርማ!» እለዋለሁ። «እሱስ እውነት ነው» ይልና ይስቃል። አንድ ቀን ግን ሳይስቅ፣ «ዘሐራ፣ ሼኪ በኔ ምክንያት እግራቸውን አጥተው ቢሆን፣ እኔ በቀረችኝ መቆም አልችልም ነበር» አለኝ።

ሼሁ የወጡበትን ቀን ነግሬአችሁ ላብቃ። ቁስላቸው ሙሉ በሙሉ ደርቆ ነበር። ልጃቸው ከኩታበር በቅሎ ይዞ መጣ፤ ሙሄም ቃሬዛውን ይዞ እስከ በቅሎው ላድርስዎት አላቸው። ሼሁ ሁለቱንም እንቢ አሉ። «በቃሬዛ የዞረችው ይበቃታል። ዛሬ ራሷ ትሂድ» ብለው ተነሱ። እማሆይ ከደጁ ላይ ቆሙ፤ እኔ በስተጎን ልደግፋቸው ብል እጄን ገፉት። አዳራሹ በሙሉ መስኮቱ ላይ ተደራርቦ ያያል። ደምሴ ከፊት ነው፤ በምርኩዙ ተደግፎ፣ አንገቱን አውጥቶ።

ሼሁ ግቢውን አጋምሰው ሳለ ደምሴ ተጣራ።

«አባባ! ለኔም ይርገጡልኝ!»

ሼሁ ቆሙ። ዞረው ወደ መስኮቱ አዩት። ከዚያ ቀኝ እግራቸውን ከፍ አድርገው መሬቱን አንድ ጊዜ፣ ደህና አድርገው፣ ረገጡለት። መስኮቱ በሙሉ በሳቅ አስተጋባ፤ እማሆይ በቀሚሳቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሼሁም መንገዳቸውን ቀጠሉ። በቅሎዋ ባዶ ኮርቻዋን ይዛ ተከተለቻቸው፤ ከፊቷ የሁለት እግር አቧራ ይነሳል።